የሚስ ኢና ጥግ

ኢዝሊን ለመፈረም ብዕሩን እንዳነሳች ስልኳ ጠራ። የባንኳ ሠራተኛ "ያናግሩ፣ ግድ የለም" ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። የደወለችው እህቷ ኖርዴት ናት፣ ከጃማይካ። ከነጋ ጀምሮ ይህ ስልክ ዕረፍት አላገኘም።

"ገንዘቡን ላክሽው?"

"ልፈርም ስል ደወልሽ። ምን ያጣድፍሻል?"

"ሚስተር ሲልበርት እዚሁ አጠገቤ ቆመዋል። ያ ከእንግሊዝ የተመለሰው ሰውዬ ነገ ለመሬቱ ቀብድ ሊሰጣቸው ነው። ደግሞ ኢዚ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሚስ ኢናን ስታገኚያቸው ስለ መሬቱ እንዳትተነፍሺ፣ እሺ?"

ኢዝሊን ብዕሩን አስቀመጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርዴት ልጆቿን ይዛ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትንከራተት ነው የኖረችው። አሁንም ያለችበት ቤት ባለቤት፣ ልጄ ሊያገባ ነውና እስከ ፋሲካ ልቀቂ ብሏታል። ኢዝሊን ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ አንድ ነገር ከያዘች የሚያስጥላትም የለም። እህቴ በስሟ ካርታ ያለው ቤት ሳይኖራት አላርፍም ካለች ቆይታለች። የእቁቡን ዳኛ ደጅ ጠንታ ተራዋ ሳይደርስ ወሰደች፤ በዚያ ላይ ያጠራቀመችውን ጨመረችበት። የሲልበርት መሬት ዋናው መንገድ ዳር ነው፣ ለልጆቹም ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ኖርዴት ፊት ለፊቱ ላይ ሱቅ ልትከፍትበት አስባለች። ሚስ ኢና የዚሁ የሲልበርት ታላቅ እህት ናቸው። የሚኖሩት እዚሁ ቶሮንቶ ነው፤ ኢዝሊን በየእሑዱ ከኋላቸው ትቀመጣለች።

እህትና ወንድም ተስማምተው የሚሸጡት ስለመሰላት አልጠየቀችም ነበር። የእኛ ሰው ጉድ ይኸው ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ቆርቆሮ ሲገዛ ይታወሳል፣ ለትምህርት ቤት ሲከፈል ይታወሳል፤ መሬት ሲሸጥ ግን እንዳልተወለደ ይቆጠራል።

"ለምንድነው የማልተነፍሰው?" አለች።

ኖርዴት እውነቱን አወጣችው። መሬቱ ካርታ የለውም፤ ከአባታቸው የወረደ ርስት ነው። ጠበቃው እንዳለው ሲልበርት ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ ይምላል፣ ካርታው በስሙ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ኖርዴት ይዞራል። ሚስ ኢና ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ አርጅተዋል፣ ተመልሰው አይመጡም፣ ማንስ ይነግራቸዋል?

"አባታቸው የተቀበሩት እዚያ አይደለም እንዴ?"

"ጓሮ ነው፣ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር። መቃብሩን አንነካውም እኮ።"

የኢዝሊን ደም ፈላ። በሲልበርት ተናደደች፣ በኖርዴት ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ሳትጠይቅ ልትፈርም በነበረችው በራሷ ተናደደች። ለባንኳ ሠራተኛ እመለሳለሁ ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህን ስትሰማ ኖርዴት ማልቀስ ጀመረች። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ፣ አንቺ እዚያ ደልቶሽ ስለ ሰው ርስት ትጨነቂያለሽ አለቻት። ኢዝሊን ስልኩን ዘግታ ወጣች።

ጠዋት ተማሪዎቹን ካደረሰች በኋላ እስኪለቀቁ ድረስ ያለው ጊዜ የራሷ ነው። መኪናዋን አስነስታ ወደ ሚስ ኢና አመራች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልቧ ወደ ባንኩ ተመለሰ። አሁን ብትፈርም እኮ ዛሬ ማታ ኖርዴት እንቅልፍ ይወስዳታል። እሑድ ግን ከእኚያ ሴትዮ ጀርባ ተቀምጣ እንዴት አድርጋ ልትዘምር ነው?

ሚስ ኢና የሚኖሩት የአዛውንቶች መኖሪያ በሆነ ፎቅ ላይ ነው። የጨው ዓሣ ሲዘፈዝፉ ነበርና በሩን በእርጥብ እጃቸው ከፈቱላት። ኢዝሊንን ከነሥራ ልብሷ ሲያዩዋት ፊታቸው ተለወጠ።

"በሥራ ቀን መጣሽ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ ሚስ ኢና።"

"እንግዲያው ግቢ። ክው አደረግሽኝ እኮ።"

ኢዝሊን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ሳትቀባባ ነገረቻቸው። የጠበቃውን ምክር፣ የእንግሊዙን ሰውዬ፣ እህቷ እንዳትናገሪ ማለቷንም ሳታስቀር። ሚስ ኢና ለዓሣው አዲስ ውኃ ቀየሩለት፣ እጃቸውን አደራረቁ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

"ሲልበርት ብቻውን ነው እንዴ የተወለደው?" አሉ። "የእኔም የእሱም እትብት እዚያ ዛፍ ሥር ነው የተቀበረው። ልጆች ሆነን ስንጣላ እናታችን፣ እታች ተቃቅፋችሁ ተኝታችኋል፣ እላይ ምን ያፋጃችኋል ትለን ነበር። አሁን የሚያድርበትን ቤት ቆርቆሮ ማን ያለበሰው መስሎታል? የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ የላክሁት ነው።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። ኢዝሊን በዚህ ይቅርታ ጠይቃ ብትነሳ ማንም አይፈርድባትም ነበር። የኖርዴት ለቅሶ ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

"ሚስ ኢና፣ ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ አልመጣሁም። ልገዛ ነው የመጣሁት።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ዓይን አውጣ ነሽ። ርስት ይሸጣል እንዴ? እህትሽ ቤት መሥራት ከፈለገች ትግባና ትሥራ። ማንም አያስወጣትም፤ እኔ ብያለሁ።"

"እርስዎስ ብለዋል። ከእርስዎ በኋላስ? ልጆችዎ ምን ይላሉ፣ የሲልበርት ልጆች ምን ይላሉ? እህቴ በሰው ቃል ያልገባችበት ቤት የለም፤ ከሁሉም ወጥታለች። እኔ የምፈልገው ወረቀት ነው።"

ይህን ስትል ሳታስበው ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። ሚስ ኢና አልተቆጡም። ተነስተው በመስኮቱ የውጭውን በረዶ ሲያዩ ቆዩ።

"ልጆቼ እዚህ የመቃብር ቦታ ገዝተውልኛል" አሉ በመጨረሻ። "ለልደቴ። አመስግኜ ተቀበልኩ። እዚህ በረዶ ውስጥ ግን አልተኛም። የምተኛው ከአባቴ ጎን ነው። ይኼን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።"

ኢዝሊን ተነስታ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። "እንግዲያው አባትዎ ያረፉበት ጥግ ተቀይሶ ይውጣ። ዛፉም መቃብሩም በእርስዎ ስም ካርታ ይኑራቸው፤ የቀያሹን እኔ እከፍላለሁ። የቀረውን ይሽጡልኝ፣ ገንዘቡን ከወንድምዎ ጋር እኩል ተካፈሉ።"

"ጥጉ ጓሮ ነው። በየት በኩል ልገባ ነው? ሬሳዬን በአጥር ሊያሻግሩት ነው?"

"መንገድ ይወጣልዎታል።"

"ወረቀት ላይ?"

"ወረቀት ላይ።"

ሚስ ኢና ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሲልበርት የእህቱን ድምፅ ሲሰማ ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀ፣ እነሱ ጋ ዝናብ እንደጠፋ አወራ። ስለ መሬቱ ግን ቃል አልወጣውም።

"ሲልበርት" አሉት፣ "ልትምል ነው አሉ።"

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተከራከረም። ኢዝሊን ለጠበቃው የሚባለውን አስረዳችው። የሁለቱም ፊርማ ይኑር፣ ጥጉ ለብቻው ካርታ ያግኝ፣ መንገዱ ከነመግቢያው ይሰመር፤ ይህ ሁሉ ሳይሆን ገንዘቡ ከባንክ አይወጣም። የእንግሊዙ ሰውዬ ከቸኮለ ሚስ ኢናን ያናግር፤ እዚሁ አሉ። ሲልበርት እሺ፣ እሺ አለ፤ ዕፍረት የያዘው ሰው ድምፅ ነበረው።

መንገዱ ግን የሱቁን ቦታ ነው የሚበላው። ከሲልበርት አጠገብ ሆና ስትሰማ የነበረችው ኖርዴት ይህ ሲገባት ስልኩን ተቀበለችው።

"ኢዚ፣ እነዚህ ልጆች የሚበሉት ከዚያ ሱቅ ነው። የግድ መንገድ ይውጣ ከተባለ ቀጭን ይሁን። ተሸካሚዎቹ በተርታ ይግቡ።"

"ቀጭን ይበቃኛል" አሉ ሚስ ኢና። "እኔ ራሴ ወፍራም አይደለሁም።"

ኢዝሊን የግድግዳውን ሰዓት አየች። ተማሪዎቹ ሊለቀቁ ነው። የገዛ እህቷን ታውቃታለች። ቀጭን መንገድ ከሆነ መጀመሪያ አበባ ትተክልበታለች፣ ቀጥሎ ፍየል ታስርበታለች፣ ኋላም እንጨት ትከምርበታለች፤ ያን ጊዜ መንገድ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ሱቁም አሳዘናት። ስንት ዓመት አብረው ያወሩለት ሱቅ ነው።

"መኪና የሚያስገባ ይሁን" አለች።

"ሱቄስ?"

"ወደ ኋላ ይግባ።"

ኢዝሊን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ሚስተር ሲልበርት፣ ይሰሙኛል? ቀያሹ እስኪመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ለምልክት ያህል ችካል ዛሬውኑ ይትከሉ። ችካሉን ኖርዴት ትያዝልዎ" አለችና ጫማዋን ልታጠልቅ ተነሳች።