ለነፋስ የተሰፋ ካፖርት

«ይሄን ለብሼ ከምሄድ ብርዱ ቢገድለኝ ይሻለኛል። ካፖርት ሳይሆን በር ነው እኮ የሰፋህልኝ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ካፖርቱን ከሻንጣው አውጥታ አልጋው ላይ እየወረወረች።

«በርም ቢሆን ነፋስ አያስገባም» አለ ልብስ ሰፊው። «የምትሄጂበት ከተማ ነፋስ ሰው ያንገዳግዳል ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺው ነሽ።»

«ጓደኛዬ ያዋሰችኝ ጃኬት ይበቃኛል።»

«ያንን ትራስ ነው ጃኬት የምትዪው?»

እናትየው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ካልሲዎቹን እየጠቀለለች ጫማ ውስጥ ትከታለች። «እናንተ በጨርቅ ተነታረኩ» አለች። «ፓስፖርቷስ የታለ?»

ልጅቷ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ፓስፖርቱ የለም።

ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳት መኪና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ውጭ አገር ሄዳ በኩላሊት እጥበት መሣሪያ ላይ ለስድስት ሳምንት እንድትሠለጥን ከአርባ ነርሶች መሀል ተመርጣለች። በመጀመሪያው ቀን ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ነገ ነው።

የእጅ ቦርሳዋን ዘረገፉት። ሹራብ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ የሞላውን ሻንጣም ገለበጡት። መሳቢያዎቹን አዩ፤ አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጉና ከሥሩ አቧራ ብቻ አገኙ። ያኔ እናትየው ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ እውነቱን ተናገር። ደረቷ ብርዱን አይችልም፣ አትሂድ ያልከው አንተ ነህ።»

«ብያለሁ። እሄዳለሁ ስትለኝ ደግሞ ጨርቅ ገዝቼ ቆረጥኩ።»

«አባዬ?» አለች ልጅቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሚስቱን ቁጣ ለምዶታል። ይቺ አንዲት ቃል ግን ከቁጣው ሁሉ ከበደችው። እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ ካፖርቱን አንሥቶ ያጥፍ ጀመር። የካፖርቱ ግራ ደረት ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ከጨርቁና ከገበሩ መሀል እሱ ያላስገባው ደረቅ ነገር አለ።

ወዲያው ገባው። ያለቀ ካፖርት መስቀያ ላይ ሲቆይ ኪሱ እንዳይረግብ አፉን ላላ አድርጎ በክር ይይዘዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የሠራው። ይሄንንም ትናንት ጠዋት ውስጡን ሳያይ ሰፍቶታል። ግን ማን ያምነዋል? አትሂድ ያለው ሰው፣ ፓስፖርቱን ኪስ ውስጥ ሰፍቶበት።

መቀሱን ከሸሚዙ ደረት ኪስ አወጣና እያዩት ክሩን ቆረጠ።

«ይኸው» አለ። «የሰፋሁትም እኔ ነኝ። መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።»

ልጅቷ ፓስፖርቱን ተቀብላ ዐይን ዐይኑን ታየው ጀመር። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ውይ ጉዴ፣ ረስቼው» አለች። «ከትናንት ወዲያ ሱቅህ ወርጄ ኪሱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። መቼም ለብሳው ነው የምትሄደው፣ አትረሳውም ብዬ።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም?»

«አንተስ ኪስ ስትሰፋ እጅህን አትሰድም?»

«ፓስፖርት ያረገዘ ኪስ ገጥሞኝ አያውቅማ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «አየር ማረፊያ ደርሼ ‹ይቅርታ፣ መቀስ ይኖራችኋል?› ልላቸው ነበር እኮ» አለች። እናትየውም ጎኗን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊው መቀሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

የተዘረገፈውን መልሰው መክተት ጀመሩ። ልጅቷ ካፖርቱን ለብሳ ሻንጣው ላይ ተቀመጠችበት፤ እናትየው ዚፑን እየጎተተች በክፍተቱ አንድ ኮፍያ ታስገባለች።

«ሁለት ኮፍያ ምን ያደርግልኛል፣ እማዬ? ያለኝ አንድ ጭንቅላት ነው።»

«አንዱን ነፋስ ሲወስደው ምን ልታጠልቂ ነው?»

«እንግዲያው ሦስተኛም ጨምሪልኝ፣ ሁለተኛውንም ሊወስደው ይችላል።»

«አትነሺ፣ ተጫኚው እንጂ። ይቺን ታህል ክብደት የለሽም?»

ልብስ ሰፊው ከወለሉ ላይ የክሩን ቁራጮች ለቀመ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መኪናውን ሊጠብቅ ደረጃውን ወደ ሱቁ ወረደ።