ወተት የጠጡና ያልጠጡ

ኖርዌይ ከገባሁ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የት ሠርተህ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሐኪም ግን አልነበረም። ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ይሉኛል፤ አገርህ ሳለህ ሳንባ ነቀርሳ ይዞህ ነበር ወይ ይሉኛል። ሐበሻ ካሳለ ሌላ ምክንያት ያለው አይመስላቸውም። ባለፈው በልግ አንዲት ወጣት ሐኪም የደረቴን ፎቶ ኮምፒዩተሯ ላይ ብዙ ካየችው በኋላ ዞር ብላ፣ በወጣትነትህ ሥራህ ምን ነበር አለችኝ።

የመርከብ ጥገና አልኳት።

የሳንባዬ ሽፋን እንደ ጠባሳ ደንድኗል አለች። አስቤስቶስ ነው፤ ድሮ የመርከብ ውሃ ማፍያ ቦይለርና ቧንቧ ሙቀቱ እንዳይወጣ የሚጠቀለልበት ነጭ ነገር። ብናኙ ደረት ውስጥ ገብቶ ሠላሳ አርባ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በሽታው ከሥራ የመጣ መሆኑ እንዲታመንልኝ አብሮኝ የሠራ ሰው መጥቶ ቢናገር ይረዳል አለችኝ። ጥገና ቤቱ ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ዛሬ ሰው ፀሐይ እየሞቀ ወይን ይጠጣበታል። ፎርማኑ ሞቷል። አብረውኝ ከሠሩት ሐበሾች በሕይወት ያለው ዓምሃ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ ዓምሃን ማትረፉ፣ እንግዲህ የኔ ዕድል ነው።

እኔና ዓምሃ አሰብ ላይ አንድ መርከብ ተሳፍረን እዚህ ስንደርስ ወርደን የቀረን ነን። እሱ አሥራ ሁለተኛ ጨርሷል፣ እንግሊዝኛ ይችላል፤ እኔ ስድስተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት። ስለዚህ የፎርማኑን ቃል የሚያስተረጉምልን እሱ ነበር። ልደቱ የሚለውን ስሜን ትቶ "ስድስተኛ" ይለኝ ነበር። በሰው ፊት፣ ሴቶች ባሉበት፣ ሠርጌ ላይ ሳይቀር።

ሥራችን ቦይለር ቤት ገብቶ ያንን ነጭ ነገር በመዶሻና በመጋዝ ማንሳት ነበር። ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን እንመስላለን። አሰብ ሲሚንቶ የሚያወርዱት ሰዎች ወተት ይጠጡ ነበር፤ ወተት ደረት ያጥባል ይባላል። እኛም ከሥራ ስንወጣ አንዳንድ ካርቶን ወተት እንጠጣለን። አንድ ቀን ፎርማኑ የአፍ መሸፈኛ ይዞ መጣ። ዓምሃ፣ የኛ ሰዎች ወተት አላቸው፣ ይሄ ያፍናቸዋል ብሎ ከነመሸፈኛው መለሰው። እኛን የጠየቀን የለም።

እኔ ግን ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴንም ሙሉውን፣ ወተት ባፌ አይዞርም። ዓምሃ ይጠጣል። "ለመድኃኒት ነው፤ እግዚአብሔር እንዳንተ ከስድስተኛ አላቋረጠም፣ ይገባዋል" ይለኛል። ሰዎቹ ይስቃሉ።

ሳሉ ሲጀምረኝ በጾም ቀን የገባው አቧራ ነው ብዬ አመንኩ። ለፈጣሪ ስል የመጣብኝ ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ። ሐኪሟን ስለ ወተቱ ብጠይቃት ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ሳንባ አይደርስም አለችኝ። ሳትስቅብኝ ነው የነገረችኝ፤ እሱን እንኳ አመሰግናታለሁ።

ፉሩሴት የሚባለው ሰፈር፣ ዓምሃ ቤት ሄድኩ። ዛሬ እሱ የሰበካ ጉባኤ ሰው ነው፣ ጋሽ ዓምሃ ነው። በበዓል ቀን ንግግር ሲያደርግ "እኛ ለትምህርት ስንመጣ" ብሎ ይጀምራል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ታየች የምትባለው ሚስቱ ያገባችው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው፤ የመርከብ ድርጅት ቢሮ ይሠራ እንደነበር ነው የምታውቀው።

በሩን ታየች ከፈተችልኝ። ዓምሃ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሶፋው ጋ ሳይደርስ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ትንፋሹን አወቅኩት፤ ሌሊት ሌሊት ከራሴ ደረት የምሰማው ነው። ታየች አስም ነው አለችኝ፤ የሚነፋ መድኃኒት ከሰጡት ሁለት ዓመት ሆነው፣ ምንም አልፈየደለትም።

ሻይ ልታፈላ ስትሄድ የመጣሁበትንና የቀጠሮዬን ቀን ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ እኮ አስተርጓሚ ነበርኩ።"

"መዶሻ ይዘህ ነዋ የምታስተረጉመው።"

"ልጄ ሮሆቦት በሠርጓ ቀን ምን እንዳለች ሰምተሃል" አለኝ። አባቴ ለትምህርት መጥቶ ብላለች፣ ሰው አጨብጭቧል። አሁን በስተርጅና የቦይለር ቆሻሻ ሲያነሳ ነበር ላስብል ወይ አለ። እኔ እዚያ ሠርግ ላይ የተቀመጥኩት በሩ አጠገብ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ልሄድ ተነሳሁና፣ ለሐኪምህስ የት ሠራሁ አልከው ብዬ ጠየቅኩት።

"ቢሮ ብዬዋለሁ።" ትንሽ ተነፈሰ። "ደግሞ እኔ ወተቱን ጠጥቻለሁ። የጾምከው አንተ ነህ። እኔ አንድም ቀን አላስታጎልኩም።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ይህን ሁሉ ዓመት እሱም እንደኔው ወተቱን ሲያምን ኖሯል።

ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኩት። በሁዳዴ የጠጣኸውም ሆድህ ነው የገባው አልኩት። ይህን ስነግረው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን የሚነፋ መድኃኒቱን አንስቶ እያገላበጠ ሲያየው ድካም ብቻ ተሰማኝ። ታየች ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"የምን ቦይለር ነው?" አለች።

 ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። እሱን መመለስ የኔ ሥራ አልነበረም።

በቀጠሮዬ ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጬ ሳለሁ ዓምሃ መጣ። ክራቫት አስሯል፤ ታየች ክንዱን ይዛዋለች።

"ተነስ እንግዲህ፣ ስድስተኛ" አለኝ።

ሐኪሟ ፊት ያንን የሚያምር ኖርዌጂያንኛውን አወጣ። ከዚህ ሰው ጋር ቦይለር ቤት ገብቼ ነጩን ነገር አብሬው አንስቻለሁ አላት። ቢሮ አላለም፣ አስተርጓሚም አላለም። ታየች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጆቹን ነበር የምታየው። ሐኪሟ ስታዳምጠው ቆየችና መጻፏን ትታ፣ ያንተስ ትንፋሽ ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። ዛሬውኑ ፎቶ ይነሳ ብላ ላከችው።

የፎቶው ክፍል በር ላይ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ።

"መሸፈኛውን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ አይደል?"

አላስታውስም ማለት እችል ነበር።

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

ራሱን ነቀነቀና ገባ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ዛሬም አላወጣትም። ታየች አጠገቤ ተቀመጠች። "ጋሽ ልደቱ፣ ብናውቀው ምን ነበረበት?" አለችኝ።  ኮቱ ከበደኝ፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።