እኔ ንባብ ሠላሳ፣ እናቴ እንግሊዝኛ መቶ አንድ

ኮሌጅ ልመዘገብ የሄድኩ ቀን መኪናውን የነዳችው እናቴ ሮንዳ ናት። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለችው ከተማችን፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ምሳ ስታቀርብ ኖራለች። እኔ ነርስ ልሆን ነው፤ እሷ ልታደርሰኝ ብቻ ነበር የመጣችው።

መመዝገቢያው ጋ ያለችው ልጅ ግን ለሁለታችንም ቅጽ ሰጠችን።

«እኔ እንኳን ሹፌር ነኝ» አለች እናቴ።

«ፈተናው እኮ ነፃ ነው። ቁጭ ብለው ከሚጠብቁ ለምን አይሞክሩትም?»

እናቴ ስቃ ገባች። አዲስ ገቢ ሁሉ የሚፈተነው የንባብ ፈተና ነው፤ የትኛውን ኮርስ እንደምንወስድ የሚወሰነው በእሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ምንባብ ይመጣል፣ ከሥሩ ጥያቄ። እኔ በሩብ ሰዓት ጨርሼ ወጣሁ። እናቴ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። ከበሩ ውጭ ቆሜ «ምስኪን፣ ኮምፒውተሩ አስቸግሯት ይሆናል» እያልኩ አዘንኩላት።

ቀጥሎ ኮርስ የሚያስመርጠው ሚስተር ካዲል ቢሮ ገባን። ሁለት ወረቀት አወጣ።

«ኬንድራ፣ አንቺ በንባብ ሠላሳ ትጀምሪያለሽ። እርስዎ ደግሞ ቀጥታ መደበኛው የኮሌጅ ኮርስ፣ እንግሊዝኛ መቶ አንድ መግባት ይችላሉ።»

«ተቀያይሮ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ተቀያይሮ ነው!» አለች እናቴም። «አንባቢዋ እሷ ናት። የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት እኮ!»

ስማችንን ደግሞ አየ። አልተቀያየረም።

«ንባብ ሠላሳ ምንድን ነው?»

«ንባባቸው ገና ላልጠነከረ የሚሰጥ፣ ባለ ሦስት ክሬዲት የማጠናከሪያ ኮርስ ነው።»

«ለዲግሪዬ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

«እንግዲያው ልተወዋ!»

«አትችይም። እሱን ሳታልፊ ለነርስነት የሚያስፈልግሽ አናቶሚ አይፈቀድልሽም።»

«የማይቆጠር ከሆነ ክሬዲቱ የምን ክሬዲት ነው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ ይቺን ነገር በደንብ አስረድቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ገጽ ጽሑፍ አውጥቶ ለሁለታችንም ሰጠን። እኔ ቶሎ ጨረስኩ።

«ስለምንድን ነው?» አለኝ።

«ስለ ግድብ። ግድብ ሲሠራ ሰዎቹ ተቆጡ።»

«ለምን ተቆጡ?»

እናቴ ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ፣ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ ሁሉ፣ «በግድቡ አይደለም የተቆጡት» አለች። «ውሃው ሳይደርስ መቃብሮቹን ሲያዛውሩ ስም አልጻፉባቸውም። ይቺ ሴትዮ እናቷ የትኛው ጋ እንዳለች አታውቅም።»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። እውነቷን ነው፤ መሃሉ ላይ ተጽፏል። እኔ የማነበው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። ሁለተኛ ደረጃን በዚሁ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ጨርሻለሁ፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ እስከ ዛሬ ሳነብ የኖርኩት ምን ነበር? ለእናቴስ ያን ሁሉ ደብዳቤ ምን ብዬ ነው ያነበብኩላት?

መኪና ውስጥ፣ «ተናደድሽብኝ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት። የእውነት አላወቅኩም።

«እኔ ልተወው?»

«እማ፣ አብደሻል እንዴ!»

ተመዘገበች። ከእንግሊዝኛው ሌላ የድንጋይና የማዕድን ትምህርት መረጠች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ስለኖረ፣ ከሰሉ ከምን እንደሚፈጠር ማወቅ አማራት። እኔ ንባብ ሠላሳ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ነበርን፤ አሥራ ሁለታችንም በስህተት የተመደብን ነን ባዮች።

ታኅሣሥ ላይ አለፍኩ፣ አናቶሚም ተፈቀደልኝ። አሁን አንዱን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ የክፍል ጓደኞቼ ምዕራፉን ጨርሰው ቡና ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ገና የክርን አጥንት ላይ ነኝ። ጎብዤ ይሁን ፈዝዤ፣ እስካሁን አልለየልኝም።