ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

አዋላጅ ነርሷን ወገቧን የያዛት ሥራዋ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የወላድ አልጋ ሥር ጎንበስ ቀና ስትል ምንም ያልሆነችው ሴትዮ፣ አንድ እሑድ ጠዋት የጊታር ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየሯን ከባሏ ጋር ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ ወገቧ ቀጭ አለና እዚያው እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ቀረች።

"ልቀቂው!" አላት ባሏ።

"ብለቀው አንተ ላይ ነው የሚወድቀው።"

እውነቷን ነው። ባሏ ከታች በኩል ነበር።

ነገሩ ተራ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይጣል ነበር። ግን የታላቅ ወንድሟ የእጅ ሥራ ነው። ወንድሟ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እህታቸው ጃዝ ጊታር መጫወት መጀመሯን ሲሰሙ ከአሮጌ ቁም ሳጥን ሳንቃ ሣጥኑን፣ ከተጣሉ ሬዲዮዎች ሆድ ዕቃውን አውጥተው አምፕሊፋየር ሠሩላት። ከኋላው እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቫልቮች ተደርድረውበታል። ቤተሰቡ "ቁም ሳጥኑ" ይለዋል፤ ክብደቱም ከስሙ አያንስም።

ጸባዩ ደግሞ የብቻው ነው። ካልሞቀ አይናገርም፣ ሲሞቅ ይንጣጣል። አዋላጇ የምትወደውን ለስላሳ ኮርድ፣ ክሮቹን ባንድነት፣ ረገጥ አድርጋ ስትመታ ድምፁ ጉሮሮው እንደ ታመመ ሰው ይሻክራል። በየጊዜው አንዱ ቫልቭ ይሞታል፤ እሷም ተሸክማው ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲፈቱ ሲገጥሙ ይውላሉ።

"ትራንዚስተር የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ" ይሏታል እየፈቱ። "ትራንዚስተር ለዜና ነው። ለዜና እሺ። ለሙዚቃ ግን ነፍስ ያስፈልጋል፤ ነፍስ ደግሞ ትሞቃለች። ይኸው ንኪው።"

ትነካዋለች። ጣቷን ታቃጥላለች።

እንግዲህ ወገቧ ከተቀጨ በኋላ የምትሠራበት ሆስፒታል ሐኪም ከበድ ያለ ነገር እንዳታነሳ አስጠነቀቃት። ባሏ ግን ከሐኪሙም ባሰ። "ስሚ" አላት፣ ቅባት እያሸላት፣ "እኔ ያገባሁት ጊታር ተጫዋች ነው እንጂ የቤት ዕቃ አመላላሽ አይደለም። ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ። እኔ ደግሞ ብወጣ የሚሸከምልሽ የለም።"

ስለዚህ ቫልቭ የሌለው፣ ቀለል ያለ የትራንዚስተር አምፕ ፍለጋ ሄዱ።

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ከጫማ መደብር በላይ ነው። ሻጩን ደንበኞቹ "ነጎድጓድ" ይሉታል፤ ለገባ ሰው ሁሉ ጊታር አንስቶ የመስታወቱ በር እስኪንቀጠቀጥ ያሰማዋልና። አዋላጇ ሆዱ ባዶ የሆነውን ትልቁን ጊታሯን ከሻንጣው ስታወጣ ጎረምሳው በአክብሮት ጠጋ አለ።

"ምን ዓይነት ድምፅ ነው የፈለጉት፣ እናቴ?"

"ንጹሕ። ወፈር ያለ፣ ክብ፣ ጫፉ ጆሮ የማይወጋ። ጮክ ሲልም የማይሻክር።"

ነጎድጓድ እንደ መርዶ ነበር የሰማው። "ማለት... ጭራሽ የማይሻክር?"

"ጭራሽ።"

ተስፋ ሳይቆርጥ ፊቱ በቁልፍ የተሞላ አንድ ትልቅ አምፕ እየገፋ አመጣላት። "ይሄ መቶ ዓይነት ድምፅ አለው። የዋሻ አለው፣ የስታዲየም አለው፣ የጠፈርም አለው።"

"እኔ ምሳ ለሚበላ ሰው ነው የምጫወተው፤ ጠፈሩን ምን ላድርገው? አንድ ደህና ድምፅ ይበቃኛል።"

መልኩ እንዳያታልላት ብላ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለአምፖቹ ሰጠች። ባሏ ሽቦውን ካንዱ ወደ ሌላው እንዲቀያይር፣ እሷ ያንኑ አንድ ኮርድ እንድትመታ ተስማሙ። በባለ መቶ ድምፁ መታች።

"መታጠቢያ ቤት ገብተሽ በሩን የቆለፍሽ ነው የሚመስለው" አለ ባሏ።

ነጎድጓድ ማስተጋቢያውን አጠፋው። አሁንም ክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተጨፍልቀው ወጡ። ቀጥሎ ትንሽዬ፣ ቀይ፣ የምታምር አምፕ መጣች። ሻጩ "ይቺ ቀላል ናት፣ በጣት ትነሳለች" አለ። አዋላጇ መታች።

"ንብ ጣሳ ውስጥ ገባች" አለ ባሏ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሱቁ ውስጥ ያለውን ጨረሱት። ያንን ኮርድ ደጋግሞ ከመስማት የተነሳ የታችኛው ጫማ ሻጭ ወጥቶ "ሌላ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ባሏ ከፒያኖ ካርቶኖች ሥር አቧራ የጠጣ ግራጫ ሣጥን አየ።

"እሱ ያገለገለ ነው" አለ ነጎድጓድ፣ እንደማፈር ብሎ። "ምንም ነገር የለውም። ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ ብቻ። የጡረተኛ አምፕ ነው።"

"አምጣው።"

ቀጭኑን ድምፅ ወደ ታች አወረደች፣ የጊታሯንም ቁልፍ ትንሽ መለስ አደረገችው። መታች። ኮርዱ አምስት ድምፅ ነበረው፤ አምስቱም ሳይጋፉ፣ እየተደማመጡ ወጡ። ጠንከር አድርጋ ደገመችው። አልሻከረም፤ ቀረብ አለ እንጂ። ጫማ ሻጩ ለመውረድ ያነሳውን እግር መለሰ። አዋላጇ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ያን ድምፅ ለዓመታት በልቧ እንጂ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ባሏ ሣጥኑን ባንድ እጁ ከፍ አድርጎ አየው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዕቃውስ ተገኘ፤ ለወንድሟ ማን ይንገራቸው?

"አንቺ ንገሪያቸው፣ ወንድምሽ ናቸው።"

"አንተ ንገራቸው፣ አንተን አይጮሁብህም።"

ማንም ሳይነግራቸው እሑድ ደረሰ። አዋላጇ ከቤዝ ተጫዋቹና ከከበሮ መቺው ጋር በየሳምንቱ እሑድ ምሳ ላይ የምትጫወትበት ሆቴል ነበር፤ ወንድሟም ፊት ወንበር ይዘው ይሰሟታል። በጭንቅ ያገኘችው መላ ይኼ ነው፤ ቁም ሳጥኑ መድረኩ ላይ በቋሚነት እንዲቀመጥ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ለመነች፣ ግራጫውን ከጀርባው ሸጎጠችና ጊታሯን እሱ ላይ ሰካች። ቫልቮቹ እንዲበሩ ቁም ሳጥኑንም ታበራዋለች። ሥራው ግን መብራት ብቻ ነው።

ወንድሟ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያበቃ ተነሥተው መጡ።

"ሰማሽው ያንን ሙቀት? ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ አማረበት! ትራንዚስተር ይህን ከየት ያመጣል?"

"ከየት ያመጣል፣ ጋሼ" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

በየሳምንቱ ምስጋናው ባሰበት። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ስለ ቫልቭ ተማሩ። በመጨረሻ ወንድሟ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸውን ይዘው መጡ። ሰውየው "ዘመኑ የትራንዚስተር ነው" እያለ ሲከራከራቸው የኖረ ነው፤ ዛሬ አፉን ሊያስይዙት ነው።

አዋላጇ ቀስ ያለ ዘፈን መሀል ላይ ሳለች ወንድሟ ባልደረባቸውን እጁን ይዘው ከቁም ሳጥኑ ጎን አቆሙት። መሀረባቸውን ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙ አየች። ክው አለች።

"አሁን አንዷን ቫልቭ ስነቅላት ድምፁ እንዴት እንደሚሞት ስማ" አሉት። ነቀሉ።

ጊታሩ እንዳማረበት ቀጠለ።

ወንድሟ ቫልቯን አገላብጠው አዩዋት። "ይቺ ረዳት ናት መሰለኝ" አሉና ዋናዋን ነቀሉ። ጊታሩ ቀጠለ። የአዋላጇ ጣቶች ግራ ገባቸው፤ ትቁም ወይስ ትቀጥል? ሦስተኛዋ ስትነቀል ጨነቃትና ድንገት ቆመች።

"ይኸው!" ብለው ጮኹ ወንድሟ። "አላልኩህም?"

ያን ጊዜ እጅጌዋ ክሩን ነካውና አንድ ክብ፣ ለስላሳ ድምፅ ከሞተው ቁም ሳጥን ውስጥ ወጣ። ባልደረባቸው ጎንበስ ብሎ ከኋላ አየ። የግራጫው ቀይ መብራት ቦግ ብሏል። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምሳ በላተኞቹ የአስማት ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ።

ወንድሟ ቫልቮቹን በመሀረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱ፣ ምሳቸውን ሳይበሉም ወጡ።

ስልክ አያነሱም። ስትብሰለሰል ሰንብታ ቤታቸው ሄደች። በር የከፈተችው ሚስታቸው "እስቲ ግቢና አናግሪያቸው፤ ግድግዳውን ሲያናግሩ ሰነበቱ" አለቻት።

"ጋሼ፣ የተቀየሙኝ ትራንዚስተር ስለ ገዛሁ ነው?"

"ለምን እቀየማለሁ? ወገብሽ ነው።"

"ታዲያ ስለ ደበቅኩዎት ነው?"

"አመሰገንኩታ!" አሉ ድንገት። "ስንት እሑድ ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አመሰገንኩት!"

"ድምፁ ደህና ስለሆነ ነዋ።"

"የሚያናድደኝስ እሱ አይደል!"

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋ ግን አመለጣት፤ እሳቸውም ላለመሳቅ ብዙ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሎን መፍቻ ወዲያና ወዲህ አንከባለሉ።

"አይበላሽም አይደል፣ ያ ግራጫው?"

"እስካሁን ደህና ነው።"

"አይበላሽም። እንግዲህ እኛ ቤት ጉዳይ የለሽም።"

አዋላጇ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ምሳ ልበላ እመጣለሁ፣ ጋሼ። ባዶ እጄን። ለወገቤም ይሻላል።"

"ምሳ ከሆነ እሺ" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

በሚቀጥለው እሑድ ከባልደረባቸው ጋር መጡ። ቁም ሳጥኑ ወደ ቤታቸው ተመልሷል፤ ግራጫው ፊት ለፊት ወጥቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ ወንድሟ እጃቸውን አወጡ።

"ቀጭኑ በዛ። ትንሽ ቀንሺው።"

አዋላጇ እጇን ዘረጋችና ቁልፉን ያዘችው። ለሳምንታት ለፍታ ያገኘችው ቦታ ላይ ነው። ያዝ አድርጋ ለቀቀችው፤ አልነቃነቀችውም። ኮርዱን መታች።

"አሁንስ፣ ጋሼ?"

ወንድሟ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"አሁን ገና!" አሉ፣ ባልደረባቸውን በክርናቸው እየጎሸሙ። "አየህ? የሚያስተካክለው ሰው ብቻ ነው ያጣው።"