የሻሽቱ ፊት

ብሥራት መቱ ውስጥ የሱቅ ታፔላ እየጻፈ የኖረ ሠዓሊ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ከቀለም አልወጣም። ባነር ማተሚያ ከተከፈተ ወዲህ ታፔላ የሚያጽፍ ሰው ጠፋ። ሚስቱም ልጃቸውን ይዛ ጅማ እህቷ ዘንድ ከሄደች ቆይታለች።

ሥራ ሲያጣ አቡጀዲ በእንጨት ወጥሮ፣ በሚኒባስ ሁሩሙ ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ በእግሩ ቱሉ ሁሪን ለመሳል ይወጣ ጀመር። ተራራው በኦሮምኛ የጉም ተራራ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀለም በጥብጦ ቀና እስኪል ጉሙ ወርዶ ይሸፍነዋል።

አንድ ቀን ዝናብ አባረረውና እግረ ተራራው ላይ ያለች ጎጆ ውስጥ ተጠለለ። ባለቤቱ ጭምዴሳ የሚባሉ፣ ንብ እያነቡ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ማር ሰጡት፤ ሥዕሉንም አገላብጠው አዩ። ዛፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ ነበር።

«እኛ ዘንድ ጉም የወሰደው ሰው ጉሬዛ ይሆናል ይባላል» አሉት። «ነጩ ጠጉር ጋቢው ነው። ስለዚህ አንገድላቸውም።»

«እርስዎ ያምናሉ፣ ጋሼ?»

«ሚስቴ ሻሽቱ ኮረሪማ ልትለቅም እንደወጣች ጉም ወረደ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ፈለጋት፤ ቅርጫቷ እንኳ አልተገኘም። ያኔ ገና ወጣቶች ነበርን። አምናለሁ ልበልህ? እንጃ። ጠዋት ጉሬዛዎቹ ሲጮኹ ግን ደጅ እወጣለሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ብሥራት ዕቃውን አነሣ። ሽማግሌው በሩን ይዘው ቆሙ።

«ፎቶ አልነበራትም» አሉ። «ብነግርህ ትስልልኛለህ?»

በጋውን ሙሉ ተመላለሰ። ግንባሯ ሰፊ ነበር አሉት፤ ስትስቅ አንዱ ዓይኗ ቀድሞ ይጠባል። እያደመጠ ይስላል፤ ሠርቶ ሲያሳያቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ኢሼ ሚቲ። እሷ አይደለችም።»

ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። መቱ ቤቱ ሲገባ ያልተጨረሰውን ፊት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ስለ ውሎው ያወራላታል። የሚያወራው ሌላ ሰው አልነበረውም።

በመጨረሻ ይዟት የሄደው ሥዕል ግን እሱንም አስደነገጠው፤ ሴትዮዋ ልትናገር የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ጭምዴሳ ወደ ብርሃን አውጥተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«አይደለችም» አሉ።

ብሥራት ጨርቁን አነሣ። ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ተዋት። እሷ ባትሆንም ሰው ናት። ቤት ውስጥ ትቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ በሄደ ቁጥር ስለ እሷ ይነግሩታል። ጠዋት ደህና አደርሽ ይሏታል፤ ቀፎ ሊያወርዱ ሲሄዱም ቤቱን አደራ ይሏታል። ብሥራት እየሳቀ ይሰማቸዋል፤ ሲመለስ ግን መንገዱ ይረዝምበታል። ስሟን ጠይቋቸው ነበር። «እንግዳ ስሟን እስክትናገር አይጠየቅም» አሉት።

ክረምቱ ሲገባ መንገዱ በጭቃ ተዘጋ። መስከረም ላይ ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ጭምዴሳ አርፈዋል።

የሻሽቱ ታላቅ እህት ቢሊሴ ከዳሪሙ ለለቅሶ መጥታ ነበር። ወደ ቤት እንደገባች ሥዕሉን አየችና ጮኸች።

«ኢሼዳ! እሷው ናት! እህቴ ናት!»

ሴቶቹ ሥዕሉን አውርደው ድንኳን ውስጥ አቆሙት። ያ ሁሉ ዘመን ያልተለቀሰላት ሻሽቱ በስሟ እየተጠራች ተለቀሰላት። ብሥራት ጥግ ይዞ ቆመ። የረሳው ማን ነው? ባልየው ወይስ እህትየዋ? ጭምዴሳ የሉ፤ ማንን ይጠይቅ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቢሊሴ ወደ እሱ መጣች። «የሳልካት አንተ ነህ አሉ። የት አገኘሃት?»

«ጋሼ ጭምዴሳ ናቸው የነገሩኝ፣ እትዬ።»

«እንዲህ አድርጎ ያስታውሳት ነበር?»

ብሥራት አፉ ድረስ የመጣውን «አይደለችም» የሚል ቃል ዋጠው።

«አዎ» አላት። «ሁሉን ያስታውሱ ነበር።»

ቢሊሴ ሥዕሉን በነጠላዋ ጠቅልላ አዝላ፣ ከዘመዶቿ ጋር የዳሪሙን የእግር መንገድ ያዘች። ብሥራት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ድንኳኑን ሲያፈርስ ዋለ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ የንቦቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀፎዎቹን ማን እንደሚጠብቃቸው የሚነግረው አልነበረም። ጥቂት ቆሞ አዳመጠና ብቻውን ወደ ሁሩሙ ወረደ።