የጓሮው ፏፏቴ

ፋንታዬና ቢራራ ሲፋቱ ፍርድ ቤት ግቢያቸውን ለሁለት ከፈለው። ደባርቅ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የፊቱ ቤት ለቢራራ ደረሰ፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎችና ጓሮው ለፋንታዬ። ከመንገድ ወደ ጓሮ የሚያስገባው መተላለፊያ የጋራ ይሁን ተባለ።

ቢራራ በደባርቅና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ አለው። ፋንታዬ የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። ሱቋ ከፊት በኩል ነበር፤ ቬሎዎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ተሰቅለው ገበያተኛውን ይስቡላት ነበር። ከፍቺው በኋላ ቢራራ ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ አከራየው፤ ፋንታዬ ልብሶቿን ተሸክማ ወደ ኋላ ገባች። የደረሳት ጓሮ ለምንም አይመችም። ተዳፋት ነው። ከላይ በኩል ጥቁር ቋጥኝ ተገትሮበታል፤ ከታች ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ከቢራራ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ይተኛበታል።

በርክክቡ ቀን ቢራራ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «መንገዱ ለእኔ፣ ቋጥኙ ለእሷ» ብሎ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹም የሳቁ ነበሩ። ፋንታዬ የሳቁትን በየተራ አየቻቸውና ፈረመች።

ሐሳቡ የመጣላት ከሙሽሮች ወሬ ነው። ድሮ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር ይወጡ ነበር። መንገዱ ሲያስፈራ ጊዜ ግን ሁሉም በከተማው ውስጥ ቀረ፤ ሁሉም በዚያው በአንድ ሆቴል አጥር ሥር ይነሳል። ቬሎ ልትመልስ የመጣች አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን እያሳየቻት፣ «የእህቴም፣ የጓደኛዬም፣ የእኔም ግድግዳ አንድ ነው» ብላ አማረረች። ፋንታዬ ልጅቷን ከሸኘች በኋላ ጓሮዋ ወጥታ ቋጥኙን ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። በማግስቱ ክንዴ የሚባል ግንበኛ አስጠራች።

«ከዚያ ድንጋይ ላይ ውሃ እንዲወርድ እፈልጋለሁ» አለችው። «ከታች ኩሬ ይሁን። ሙሽራና ሚዜዎቿ ዳር ዳሩን ይቁሙበት።»

ክንዴ ቋጥኙን በእጁ ዳበሰ፣ ተዳፋቱን ወጣ ወረደ። ውሃው በአንድ ጊዜ ከሚወረወር ሁለት ቦታ እየተቀበሉ ቢያወርዱት እንደሚያምር፣ ያንኑ ውሃ ደግሞ በፓምፕ ወደ ላይ መመለስ እንደሚቻል ነገራት። ፋንታዬ አመድ በሰፌድ ይዛ መጥታ የኩሬውን ዳር መሬት ላይ አሰመረች። ክንዴ ከቢራራ ግድግዳ ራቅ እናድርገው አለ። እሷ መስመሩን በእግሯ አጥፍታ አንድ እርምጃ ያህል ብቻ አራቀችው። ክንዴ በቂ አይደለም አለ። አልሰማችውም።

አሸዋው የመጣ ዕለት ቢራራ ሚኒባሱን መተላለፊያው ውስጥ አቆመና ቁልፉን ይዞ ጠጅ ቤት ገባ። የጋራ አይደል? እኔም በድርሻዬ ቆሜበታለሁ ሲል ላከባት። ፋንታዬ አሸዋውን ሞባይል ጠጋኙ ደጃፍ ላይ አስገለበጠችው። ከዚያ ተሸካሚዎች በጆንያ እየሞሉ በግድግዳውና በመኪናው መካከል እየተጋፉ አስገቡላት። ማምሻውን ቢራራ ሲመለስ የሚኒባሱ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቋል። እሷ መተላለፊያው አፍ ላይ ቆማ እጇ ላይ ያለውን አሸዋ እያራገፈች ነበር።

«ቀለሙን ታስመልሺያለሽ» አላት።

«መንገዱ የአንተ ነው አላልክም? መንገድህን ክሰስ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በቀጥታ አልተነጋገሩም ማለት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው በቢራራ በኩል ስለነበር ፓምፑ ተገዝቶ ሲመጣ መስመሯን ቆረጠባት። ፋንታዬ ከጎረቤቷ ከገበያነሽ ቤት ሽቦ በአጥር ላይ አሻገረች። እሱ አጥሩ የእኔም ነው ብሎ ቀበሌ ከሰሰ። እሷ ደግሞ ሚኒባሱ መተላለፊያውን እየዘጋ ነው ብላ ከሰሰችው። የቀበሌው ሰዎች ሁለቱን ማየት ሰለቻቸው።

ሥራው ግን አልቆመም። ክንዴ ጉድጓዱን ቆፍሮ ድንጋዩን ለቀመ፣ አሸዋ አለበሰ፣ በላዩ አሮጌ ጆንያ ደረበ። በዚያ ላይ ገበሬዎች የዝናብ ውሃ የሚያቁሩበትን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ አነጠፈ። መጀመሪያ ፓምፑን ሲያስነሱት ውሃው ከላይ ወጣና ከፊት ሳይወርድ ከድንጋዮቹ ኋላ ሰርጎ ጠፋ። ፋንታዬ አፈረች። ከፊተኛው ቤት መስኮት ቢራራ ሲስቅ ሰምታለች፤ ወይም የሰማች መሰላት። ክንዴ ድንጋዮቹን አንስቶ ላስቲኩን ከሥራቸው አስገባ፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈነ፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ እንደ ምላስ ወደ ፊት አወጣለት። ሁለተኛ ሲያስነሱት ውሃው በምላሱ ላይ ተዘርግቶ ወረደ። ገበያነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እልል አለች። ፋንታዬ ግን እልልታው እስከ ፊቱ ቤት መሰማቱን ነበር የምታዳምጠው።

በቧንቧው ውሃ ኩሬው አይሞላም፤ ደባርቅ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፋንታዬ የተማመነችው በክረምቱ ነበር። ከቢራራ ጣሪያ ወደ እሷ ጓሮ የሚፈሰውን አሸንዳ በጎማ ቀጥላ ወደ ኩሬው አስገባችው። ሐምሌ ሲገባ ኩሬው ቀን በቀን ከፍ አለ። ቢራራ ነገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሲያውቅ መሰላል አቆመና አሸንዳውን ሊነቅል ወጣ። ገበያነሽ ሮጣ አባ ወልደ ገብርኤልን ይዛ መጣች። አባ የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው፤ እንዳይፋቱም ብዙ ደክመው ነበር።

አንዳቸው ሌላው ቤት አልገባም ስላሉ አባ መተላለፊያው ውስጥ ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ዝናቡ ይወርዳል። ቢራራ በአንድ በኩል፣ ፋንታዬ በሌላ በኩል ግድግዳ ተደግፈው ይርሳሉ።

«የምትጣሉት በዝናብ ነው?» አሉ አባ።

«ከሰማይ ሲወርድ የእግዜር ነው፣ አባ» አለ ቢራራ። «ቆርቆሮዬን ከነካ በኋላ ግን የእኔ ነው።»

«ቆርቆሮውን አብረን ነው የገዛነው» አለች ፋንታዬ ወደ አባ ዞራ። «የሸጥኩት የእናቴን አምባር ነው። ይንገርዎት።»

አባ ብዙ አልመከሩም። በጥር ልጃችሁን ልትድሩ ነው፣ ለእሷ ስትሉ ቢያንስ ፍልሰታን በሰላም ጹሙ ብለው ለመኗቸው። ሁለቱም «እሺ፣ አባ» አሉ፤ ሁለቱም መስቀል ተሳለሙ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ቢራራ አሸንዳውን ነቅሎ ወደ አስፋልቱ አዞረው። ግን ኩሬው ሞልቶ ነበር።

ልጃቸው ፍቅርአዲስ ጎንደር መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። የምታገባውም የጎንደር ልጅ ነው። ፋንታዬ ፍቅርአዲስ በኩሬው ዳር የምትነሳው ፎቶ የመጀመሪያው እንዲሆን ፈለገች። ያንን ፎቶ አሳድጋ ለደንበኞቿ ልታሳይ ነበር ያሰበችው። ስለዚህ ከልጇ በፊት የመጣችውን ሙሽራ ሁሉ መለሰች። ገበያነሽ አንድ ቀን፣ አባቷስ በፎቶው አይኖርም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፋንታዬ፣ እሱ እዚያ ውሃ ዳር እግሩ አይደርስም፣ ከፈለገ በመንገዱ ላይ ይነሳ አለቻት። ወሬው በዚያው ሳምንት ቢራራ ጆሮ ገባ።

ፍቅርአዲስ ለሠርጉ ዝግጅት ከጎንደር መጥታ እናቷ ዘንድ ባደረችበት ማግስት፣ ፋንታዬ ጠዋት ወጥታ ፓምፑን ልታስነሳ ስትል ውሃው ጠቁሯል። አመዳይ ወርዶ ስለነበር ዳር ዳሩ ላይ ስስ በረዶ ይዟል፤ በመካከሉ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ወፍሮ ተንሳፍፏል። ከአጥሩ ጥግ ባዶ ጀሪካን ወድቋል። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሳታስበው ፓምፑን ነካችውና ዘይቱ ተስቦ ወጣ፣ በምላሱ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ወረደ። ድንጋዮቹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ጠቆሩ። ሳታጠፋው ቆማ አየችው።

ከዚያ ባልዲ አነሳች። ከኩሬው ሞልታ ቀድታ በመተላለፊያው ወጣች። ሚኒባሱ ሞተሩ ተነስቶ እየሞቀ ነበር፤ ቢራራ ተሳፋሪ ሊጠራ መናኸሪያው በኩል ሄዷል። የሾፌሩን በር ከፈተችው። ከወንበሩ በላይ አዲስ ኮት በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ለልጁ ሠርግ ጎንደር ያሰፋው ነው። ፋንታዬ ኮቱን አየችው። ላስቲኩን ገለጥ አደረገችና ባልዲውን እንዳለ ደፋችው፤ ኮቱ ላይም፣ ወንበሩም ላይ።

ቢራራ ደርሶ ሲጮህ፣ እሷም ስትመልስለት፣ መንገደኛው ተሰበሰበ። ሞባይል ጠጋኙ በሩን ዘጋ። እሱ እብድ አላት፣ ልጅሽን ሠርግ ላይ ታዋርጃለሽ አላት። እሷ ሌባ አለችው፣ በልጁ ፎቶ ላይ ዘይት የሚያፈስ አባት አለችው። ፍቅርአዲስ በጩኸቱ ነቅታ ወጥታ በመጀመሪያ ኩሬውን አየች፣ ከዚያ መተላለፊያው አፍ ላይ መጥታ ኮቱን አየች። ሁለቱም እሷን ሲያዩ በአንድ ጊዜ ሊያስረዷት ጀመሩ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እኔ ሙሽራ ሆኜ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አለች። «ድንኳኑን አታስተክሉ።»

«የት ልትወጪ?» አላት ቢራራ።

«ዳባት። የክርስትና እናቴ ቤት።»

ፋንታዬ እጇን ልትይዛት ስትል ፍቅርአዲስ የእናቷ እጅ በዘይት መጥቆሩን አይታ ሸሸች። ሻንጣዋን ይዛ የወጣችው በአባቷም ሚኒባስ አይደለም፤ በሌላ ሰው መኪና ነው።

ሠርጉ ዳባት ወለተ ጊዮርጊስ ግቢ ተደረገ። ወለተ ጊዮርጊስ ፍቅርአዲስን ክርስትና ያነሱ አሮጊት ናቸው፤ ለምን አላሉም፣ ድንኳን አስተከሉ። ቢራራ የተዋሰው ኮት እጅጌው አጠረበት። ፋንታዬ በድንኳኑ በወዲህኛው ጫፍ፣ እሱ በወዲያኛው ተቀመጡ። ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስላልተቻለ ድንኳኑን አቋርጣ ሁለት ቦታ ጎንበስ አለች። እንግዳው ሁሉ አየ። ፋንታዬ ልጇ ስታጎነብስ አንድ ነገር ልትላት ፈልጋ ነበር። ፍቅርአዲስ ግን ፈጥና ቀና አለች።

ሙሽሮቹ ፎቶውን የተነሱት ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ ኮሶዬ ላይ ወርደው ነው፤ ከኋላቸው ገደሉና ጭጋጉ እንጂ ሌላ የለም። ከሁለቱ ወላጆች አንዳቸውም በፎቶው ላይ የሉም። ፋንታዬ ያየችው ገበያነሽ ስልክ ላይ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ክንዴ ተመልሶ መጣ። ላስቲኩን አወጡት፣ አዲስ አነጠፉ፤ ድንጋዮቹን አንድ ባንድ በኦሞና በሽቦ ብሩሽ አሹ። የምላሱ ድንጋይ አልነጻ ብሎ ተለወጠ። ክንዴ አሁንም ኩሬውን ከግድግዳው እናርቀው አላት፤ አሁንም አልሰማችውም። ውሃ በጋሪ አስመጣች። ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲጀመር ሙሽሮች መጡ፤ ከዳባትም፣ ከአምባ ጊዮርጊስም ጭምር መጡ። ቬሎውን ከእሷ ይከራያሉ፣ እዚያው ይነሳሉ። እሷ ራሷ የቬሎውን ጫፍ ከእርጥብ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ ትይዝላቸዋለች።

ቢራራ ይህን ሁሉ ከመስኮቱ አየ። ግንቦት ላይ ሞባይል ጠጋኙን አስወጣና የፊቱን ቤት ለወፍጮ አከራየው። እሱ አምባ ጊዮርጊስ ቤት ይዞ ሄደ። ወፍጮው የተተከለው በኋለኛው ግድግዳ በኩል፣ ኩሬው አጠገብ ነው። ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ የፏፏቴው ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። ማታ ማታ ዱቄቱ በመስኮት እየወጣ ውሃው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ፋንታዬ በወንፊት ወደ ዳር ትገፋዋለች። ወፍጮ ቤቱን ከሰሰች፣ ሕጋዊ ፈቃድ አለው ተባለች። ሙሽሮቹ ግን አልቀሩም። ፎቶ ድምፅ የለውም።

ፍቅርአዲስ ለጰራቅሊጦስ ብቻዋን መጣች። አምባ ጊዮርጊስ ወርዳ አባቷን አይታ ነው የመጣችው። እናቷ ኩሬው ዳር ወንበር አወጣችላት። ፍቅርአዲስ ቤት ውስጥ ልቀመጥ አለች። ፋንታዬ ወንበሩን መልሳ አስገባች።

በመስኮቱ በኩል ውሃው ሲወርድ ይታያል። ወፍጮው ይጮሃል።

«ለምን አትሸጪውም፣ እማዬ?» አለች ፍቅርአዲስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጎንደር ሱቅ ፈልጌ አገኝልሻለሁ።»

«ለእሱ ለቅቄለት?»

«እሱ ሄዷል እኮ።»

«ወፍጮው አለ» አለች ፋንታዬ።

ፍቅርአዲስ ያመጣችውን ስኳርና ሻማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መኪና ሳያልቅ ልሂድ አለች። እናቷ እስከ መተላለፊያው አፍ ሸኘቻት። ከዚያ ተመልሳ ወንፊቱን አነሳችና ውሃው ላይ የተኛውን ዱቄት ወደ ቢራራ ግድግዳ መግፋት ጀመረች።