ተገልብጦ የተለጠፈው እንጆሪ

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጠርሙስ ነው።

አሪልዬ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ዶብሪላ የምትባል ሴት ነበረች። የእንጆሪ ገበሬዎቹ በጋራ ባቆሙት የጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ምን እንደሚጠጣ ማጥናት ነው ሥራዋ። ሦስት ወር በር ለበር ዞራ ያገኘችው ሁሉ ያስደስታል። የሱቆቹ ሽያጭ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጨምሯል፤ የገባችበት ቤትም ሁሉ ጭማቂ ቀርቦላታል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጥናቷን ለገበሬዎቹ ታነባለች፤ እነሱም በእሷ ቃል ቁጠባቸውን አዋጥተው ትልቅ የጠርሙስ መሙያ ማሽን ይገዛሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን መቀመጥ አቃታት። መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ወረቀቱን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። የሆነ ነገር አላምር ብሏታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝ አላት።

በዚህ መሀል አክስቷ እትዬ ዛጎርካ እንደ ወጉ ቡና፣ ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ጭማቂ ይዛ ልትጠይቃት መጣች። ዶብሪላ ጠርሙሷን ስታይ ክው አለች። የእንጆሪው ሥዕል ተገልብጦ ተለጥፏል! እንዲህ የተበላሸችው አንዲት ብቻ ነበረች። ራሷ ከፋብሪካው ወስዳ፣ አምና ለጎረቤቷ ለስታኒያ የልጅ ልጅ ሲወለድ ይዛላት ሄዳ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ምነው፣ ናቅሻት? ሚሎይኮ ነው ልጄ ስትመረቅ ያመጣልኝ።»

ሚሎይኮ የፋብሪካው ኃላፊ ነው። ዶብሪላ አክስቷን እዚያው ትታ፣ ጠርሙሷን አቅፋ በረረች። ሰውየውን በር ላይ አገኘችው።

«ጋሼ ሚሎይኮ፣ ይቺን ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃት! ቤት ሠርቼ ስገባ ስታኒያ ናት ያመጣችልኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠጧትም?»

«አበድሽ እንዴ? የእንግዳ እኮ ናት! እኛ ውሃ እንጠጣለን።»

«እኔ ስመጣ ግን ቀዱልኝ።»

«እንግዳ አይደለሽ!»

ዶብሪላ የራሷን ቤት አሰበች። የእሷም ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች አሉ። የመንደሩ ልጅ ሆና ሳለ እንዴት ይህን ሳታስብ ቀረች? ሰው የሚገዛው ለስጦታ ነው፤ ስጦታው ከቤት ቤት ይዞራል። ቁም ሳጥኑ ሲሞላ ማን ይገዛል?

ሚሎይኮ ገባው። «ዶብሪላ፣ ማሽኑን እንደምንገዛ ቃል ገብቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አታዋርጂኝ። ወረቀትሽን ብቻ አንብቢ።»

ስብሰባው ላይ ቆመች። ወረቀቱን አላነበበችም፤ አጠፈችና ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አቆመች።

«እንግዳ ሳይመጣበት፣ ለራሱ ብሎ ጭማቂ ከፍቶ የጠጣ እጁን ያውጣ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን እስከ ግማሽ አነሱ። «እኔ፣ ጉንፋን ይዞኝ...»

«ጉንፋኑም እንግዳ ነው!» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሚሎይኮ ብቻ አልሳቀም። ተነስቶ የጠርሙሷን ክዳን ከፈተ። «ይቺስ ዞራ ዞራ ደክሟታል፤ ትረፍ» አለ። ለሁሉም ጠብ ጠብ አድርጎ አዳረሰ። ማሽኑም ሳይገዛ ቀረ።

ዶብሪላ ግን ያኔም አልተቀመጠችም። ሰኞ ጥናቱን እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን እንግዳ እንዳትሆንባቸው ለባለቤቶቹ ሳትነግር፣ በጓሮ በር እየገባች።

እናንተም ልጆቼ፣ ይህን ያህል ተሸጠ ሲሏችሁ፣ እባካችሁ ያቺን ጠርሙስ አስታውሱልኝ።